ውስጡ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ፣ ዊንዶውስ ግን አንድ ነው ይለኛል

ያገለገለ_ገዢ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ነገሩ ለእናንተ ቀላል ይሆናል፣ እኔን ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። የሸጠልኝ ልጅ ቪዲዮ ኤዲት ያደርግበት ነበር። ዋጋው ደህና ነው፣ ማሽኑም ፈጣን ነው፣ እስካሁን አላማረርኩም። ሲ የሚለው 223 ጊጋ ያሳያል፣ ዲ የሚለው ደግሞ 1.81 ቴራ። እኔም በቃ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ አለው ብዬ የቤቱን ጉድ ሁሉ እዚያ ገለበጥኩት። የልጄ ፎቶ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ፣ የወንድሜ ሰርግ፣ ከድሮ ስልኮች የወጣ ምናምን፣ ወደ 600 ጊጋ ገብቷል።

ባለፈው ቅዳሜ አቧራ ላራግፍ ጎኑን ስከፍተው ከትንሿ ኤስኤስዲ (ሲ ያለባት፣ የማትሽከረከረዋ ዲስክ) ሌላ ሁለት ሃርድ ዲስክ ተደርድሮ አገኘሁ። ሁለቱም ላይ 1 ቴራ ይላል። ደስ አለኝ። እህቴ ኮምፒውተሬ ሞላብኝ እያለች ሰሞኑን ስትነዘንዘኝ ስለነበር አንዱን ነቅዬ ልስጣት አልኩ። አጠፋሁት፣ የአንዱን ኬብል ነቀልኩ፣ አስነሳሁት። ዲ የለም። ግማሹ አይደለም የጠፋው፣ ሁሉም ነው። ልቤ ቀጥ አለች። አጥፍቼ ኬብሉን መልሼ ስሰካው እግዚአብሔር ይመስገን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሲነሳ አፍጥጬ ሳየው ጥቁር ስክሪን ላይ ለሁለት ሴኮንድ ያህል አንድ ሰንጠረዥ ይመጣል። በስልኬ ቀረጽኩት። ሬይድ 0 ይላል፣ በቅንፍ ስትራይፕ፣ ቀጥሎ 128 ኪሎባይት፣ መጨረሻ ላይ በአረንጓዴ ኖርማል።

ይሄ ስትራይፕ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ግማሹ ዕቃዬ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ከሆነ አንዱን ስነቅል ለምን ሁሉም ጠፋ? ለእህቴስ አንዱን መስጠት እችላለሁ? አዎ ረስቼው፣ ከሁለቱ አንዱ አንዳንዴ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሁሌ አይደለም።

ቡሎን_ፈቺ፦

ለእህትህ ለጊዜው ምንም እንዳትሰጥ። ደግሞ አሁኑኑ፣ ይህን እያነበብክ ሳለህ፣ የልጅህን ፎቶ ኤክስተርናል ላይ መገልበጥ ጀምር። ማብራሪያው አያመልጥህም፣ እየገለበጥክ ታነበዋለህ። ያ ቀጭ ቀጭ ያልከው ነገር አልጣመኝም።

ማሕሌት ላይ ግራና ቀኝ ቆመው እየተቀባበሉ ሲሉ ሰምተህ ታውቅ ይሆናል። አንዱን የቀኙ ይላል፣ ቀጣዩን የግራው ይቀበላል። ስትራይፕም እንደዚያው ነው። የግራው ወገን ዝም ቢል የሚቀርህ የመጀመሪያው ግማሽ አይደለም፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ አንድ እየተዘለለ የተበሳሳ ነገር ነው።

ሰንጠረዡ ላይ ያየኸው 128 ኪሎባይት የአንዷ ቁራሽ መጠን ነው። 4 ሜጋ የሆነች ፎቶ ስታስቀምጥ 32 ቦታ ትቆረጣለች። የመጀመሪያዋ ቁራሽ ወደ አንደኛው ዲስክ፣ ሁለተኛዋ ወደ ሁለተኛው፣ ሦስተኛዋ ተመልሳ ወደ አንደኛው፣ እንዲህ እያለ 16 እዚህ 16 እዚያ። ስለዚህ ግማሹ ዕቃዬ አንዱ ላይ ነው ያልከው እዚያ ጋ ነው የተሳሳትከው። አንዱ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ዕቃ ግማሽ ነው። ከ128 ኪሎ የምታንስ ፋይል፣ ደብዳቤ ምናምን፣ ሙሉዋን አንዱ ዲስክ ላይ ልታርፍ ትችላለች። ግን ምን ዋጋ አለው? የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው የዊንዶውስ መዝገብ ራሱ አብሮ ተቆራርጧል። ኬብሉን ስትነቅል ዲ ከነስሙ የጠፋው ለዚህ ነው።

ይህን የሚያደርገው ማዘርቦርድህ ላይ ያለው የኢንቴል ሬይድ ነው። ሁለቱን አጣብቆ ለዊንዶውስ አንድ ዲስክ አለ ብሎ ይነግረዋል፣ ዊንዶውስም ያምናል። 2 ቴራ መሆን ሲገባው 1.81 የሚለው ደግሞ አምራቹ በ1000 እያባዛ ስለሚቆጥር፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሆነ ነው እንጂ የተሰረቀብህ የለም።

በነገራችን ላይ ሁለቱ እኩል ባይሆኑ ኖሮ ትንሹ ነበር የሚወስነው። 1 ቴራና 500 ጊጋ ስትራይፕ ብታደርጋቸው 1 ቴራ ብቻ ነው የምታገኘው፣ የትልቁ ግማሽ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሬይድ 1 ሲሉ ከሰማህ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል፣ ቦታው በግማሽ ይቀንሳል፣ አንዱ ቢሞት ግን ሌላው አለ። ያንተ 0 ነው። አንዱ ከሞተ አለቀ።

ሰርገኛ_ካሜራ፦

ኧረ ልጁን አታስደንግጡት! እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው፣ 4 ዓመት ሙሉ በሬይድ 0 ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን አልከዳኝም። የሸጠልህም ልጅ አብዶ አይደለም እንዲህ የገጠመው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ሦስት ካሜራ የቀረጸውን ሙሽራው ሲገባ አንድ ላይ ታይምላይን ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ሦስቱም እኩል መሄድ አለባቸው። እኔ መጀመሪያ ፕሮሬስ 422 ወደሚባል ለኤዲት የሚመች ግን ከባድ የቪዲዮ ዓይነት እቀይረዋለሁ፣ 4ኬ በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲሆን አንዱ ካሜራ ብቻ በሴኮንድ ከ70 ሜጋባይት በላይ ይበላል። ሦስቱ ከ210 በላይ። ባለ 7200 ዙር ሃርድ ዲስክ ደህና ሲሆን ከ150 እስከ 200 ነው የሚያነበው፣ እሱም ባዶ ሳለ። እየሞላ ወደ ውስጠኛው ክብ በገባ ቁጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዲስክ አይችልም፣ ምስሉ ይንተፋተፋል፣ አንተ ትናደዳለህ፣ ሙሽራዋ ትደውላለች። ሁለቱ ተራ በተራ ሳይሆን እኩል ስለሚያነቡ ግን 300 ምናምን ይደርሳሉ። ያኔ እኔ ስጀምር ደግሞ ኤስኤስዲ ባለ 2 ቴራ የሚገዛ ገንዘብ ከየት አምጥቼ?

ቡሎን_ፈቺ፦

ሰርገኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሜሞሪ ካርዱን መቼ ነው ፎርማት የምታደርገው?

ሰርገኛ_ካሜራ፦

ሙሽሮቹ ቪዲዮውን ተቀብለው ከፈረሙ በኋላ ነው። ኤክስተርናል ላይም አንድ ቅጂ አለኝ። ገባኝ የት ልትወስደኝ እንደሆነ 😄

ቡሎን_ፈቺ፦

በቃ እሱን ነው የምለው። አንተ ጋ ሬይድ 0 ላይ ያለው የሥራ ጠረጴዛ ነው። ዛሬ ማታ ቢቃጠል ነገ ከካርዱ ትገለብጠዋለህ፣ የምታጣው ሁለት ቀን ነው። ጠያቂያችን ጋ ግን የልጁ ሙሉ ሕይወት ነው ያለው፣ ሌላ ቅጂ የለውም (አለህ እንዴ? የለህም አይደል?)። ዕቃው ያው ነው፣ አቀማመጡ ነው የተለየው።

ስለ ፍጥነቱ ያልከው እውነት ነው፣ ግን ለትልልቅ ፋይል ብቻ ነው። ሰው ሬይድ 0 ሲሰማ ኮምፒውተሬ በእጥፍ ሊፈጥን ነው ይላል፣ አይፈጥንም። 7200 ዙር በደቂቃ ማለት አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። የፈለግከው ነገር ከማንበቢያው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ትጠብቃለህ፣ 4.2 ገደማ። እጁ ራሱ ከቦታ ቦታ ለመዝለል ደግሞ ሌላ 8 ወይ 9 ይወስድበታል። ተደምሮ 12 ወይ 13 ሚሊሴኮንድ ለአንዲት ትንሽ ፋይል። ሁለት ዲስክ ስላደረግህ ይህ ጥበቃ አይቀንስም፣ ሁለቱም እኩል ይጠብቃሉ እንጂ። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ብሮውዘር ሲከፈት፣ ሺህ ትንንሽ ፎቶ ሲጫን አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው በዚህ ጥበቃ ነው። አንዲት ርካሽ የሳታ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስኩ በኬብል የምትሰካዋ) በሴኮንድ ከ500 ሜጋ በላይ ታነባለች፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌላት ጥበቃው ወደ ምንም ይወርዳል። ጠያቂው ማሽኔ ፈጣን ነው ያለውም ሲ ኤስኤስዲ ላይ ስለሆነ ነው፣ ሬይዱ ምንም አላደረገለትም።

የአደጋውን ነገር ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አንድ ዲስክ በዓመት የመሞት ዕድሉ ከ100 ውስጥ 3 ነው እንበል፣ ለምሳሌ ያህል። ሁለቱ ስትራይፕ ሲሆኑ አንዱም ቢሞት ሁሉም ስለሚጠፋ ወደ 6 ይጠጋል። አራት ብታደርጋቸው 11 ይሻገራል። ዕድሜያቸው ሲገፋ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ አስቡት።

ዝም_ያለ_አንባቢ፦

ብዙ አልጽፍም እዚህ፣ ግን ስሙ ሁሌ ስለሚያስቀኝ ነው። ሬይድ የሚለውን ስም ያወጡት በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ናቸው፣ ጽሑፋቸው የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ አንድ ውድ ትልቅ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ትንንሾችን አንድ ላይ ማሠራት ነበር፣ ግን ዲስክ ሲበዛ ብልሽትም እንደሚበዛ አውቀው መጠባበቂያ አብረው አስገቡበት፣ ስሙ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ፊደልም (R፣ ሪደንደንት፣ መጠባበቂያ ያለው ማለት ነው) እሱን ነው የሚያመለክተው። እነሱ የዘረዘሩት ከ1 እስከ 5 ነው። ዜሮ አልነበረም! ኋላ ነው የተጨመረው። መጠባበቂያ ለሌለው ነገር ቁጥር ሲፈልጉ ዜሮ ማለታቸው ቢያንስ ሐቀኞች ናቸው።

የቡና_ሰዓት፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ የደረሰብኝን ግን ልንገርህ ወንድሜ፣ ምክንያቱም አንተ ኬብሉን ነቅለህ መልሰህ ስትሰካ በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የተረፍከው።

የእኛም ቤት እንዳንተ ነበር። ባለቤቴ ከሰው የገዛው ማሽን፣ ውስጡ ምን እንዳለ አናውቅም። አንድ ቀን ማታ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ፣ ጠዋት ስናስነሳው ያ አረንጓዴው ጽሑፍ ቀይ ሆኗል። ዲ የለም። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አንዱን ዲስክ ነቅሎ ራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፣ ዊንዶውስም ይህ ዲስክ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ላሰናዳው ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ልጁ ሳያነብ እሺ አለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው፣ ምን አውቄ።

ከዚያ ፎቶ የሚመልስ ፕሮግራም በዚያው በአንዱ ዲስክ ላይ አስነሳ። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ፣ ተገኝቷል አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እውነትም በሺዎች ፎቶ ተደርድሯል፣ ትንንሾቹ ምስሎች ሁሉ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ የልጄ ክርስትና፣ የእናቴ ፊት፣ ሁሉም። ላለቅስ ነበር። አንዱን ተጭኖ ሲከፍተው ግን ከላይ ቀጭን መስመር ብቻ ታየ፣ የቤተክርስቲያኑ ጣሪያና የቄሱ ጥላ ጫፍ። ከዚያ በታች ግራጫ። ሌላውን ከፈተ፣ ሰማይ ብቻ። ሌላውን፣ የአንድ ሰው ፀጉር። ሁሉም እንደዚያ ነው። ኋላ ሰው እንዳስረዳኝ ትንሿ ምስል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ተደብቃ የምትቀመጥ ስለሆነች ከመጀመሪያዋ ቁራሽ ጋር ተርፋ ነው። ትልቁ ፎቶ ግን ሁለተኛዋ ቁራሹ ሌላኛው ዲስክ ላይ ናት።

በመጨረሻ በዘመድ በኩል አንድ የሚያውቅ ሰው ተገኘ። እሱ ዲስኮቹን በቀጥታ አልነካቸውም። ሁለቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳሉ ጤነኛ ዲስክ ላይ ገለበጣቸው፣ የታመመው ሁለት ቀን ፈጀበት። ከዚያ አር ስቱዲዮ በሚባል ፕሮግራም ቅጂዎቹን በሐሳብ አጣበቃቸው። የትኛው አንደኛ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ ስላልተጻፈ መጀመሪያ ገልብጦ ሞከረ፣ ምንም አልወጣም፣ ቦታ ሲያቀያይራቸው ፎልደሮቹ ከነስማቸው ተዘረገፉ። ያኔ አለቀስኩ። ጥገና ቤቱ ያሰናዳው የመጀመሪያዋን ጥግ ብቻ ስለነበር እንጂ ሙሉ ፎርማት አድርጎት ቢሆን የለም ነበር። ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ተመለሰ፣ የከፈልኩት ግን ሁለት አዲስ ዲስክ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ በየትኛውም ኮምፒውተር ስትሰካው አሰናዳ፣ ፎርማት አድርግ ቢልህ እጅህን አንሳ። ዲስኮቹ ላይም ቁጥር ለጥፍባቸው፣ አንድ እና ሁለት።

ያገለገለ_ገዢ፦

የቡና ሰዓት፣ ታሪክሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ አሁን ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ልጅቷ እንዳትገባ ከልክላለች 😅

ሌላ ቅጂ አለህ ወይ ላልከኝ፣ የለኝም። አፍሬ ነው። ስልኮቹንም አጥፍቼአቸዋለሁ።

ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን አውርዱ ሲሉ ሌላ ቦታ አይቼ አወረድኩት። አንደኛው ዲስክ ሰማያዊ ነው፣ ጉድ ይላል። ሁለተኛው ቢጫ ሆኗል። ቢጫ ያደረገው ሲ5 የሚለው መስመር ነው፣ ብዙ ዜሮ ተደርድሮ መጨረሻው ላይ 10 ይላል። 10 ብቻ ስለሆነ ብዙም አያስጨንቅም አይደል? ላይኛው ጥግ ላይ ደግሞ የሠራበት ሰዓት 31 ሺህ ምናምን ይላል። ሻጩ ብዙም አልተሠራበትም ብሎኝ ነበር።

ቡሎን_ፈቺ፦

31 ሺህ ሰዓት ለ24 ስታካፍለው ሌት ተቀን 3 ዓመት ተኩል ነው። ብዙም አልተሠራበትም! 😂

10 ያልከው ደግሞ 10 አይደለም። ያ ፕሮግራም እነዚያን ቁጥሮች የሚጽፈው በ16 መደብ ነው (ከ9 ቀጥሎ ኤ፣ ቢ እያለ እስከ ኤፍ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው 10 የሚለው)፣ ስለዚህ 10 ሲል 16 ማለቱ ነው። ሲ5 ማለት ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃተው፣ ገና ምን እንደሚያደርጋቸው ያልወሰነባቸው ቦታዎች ናቸው። 16 ብዙ አይደለም። ግን ዜሮ መሆን ነበረበት፣ ቀጭ ቀጩም አለ። ዲስክ ላይ ቢጫ ሳይ እኔ ቀይ ነው ብዬ ነው የምቆጥረው።

አሁን አደራ፣ ዲፍራግ እንዳታደርግ፣ ዲስክ ቼክም እንዳታስነሳ። እነሱ የታመመውን ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሯሩጡታል። ሰውዬው የታመመ ነው፣ ዕቃህን ተቀብለህ አውጣው እንጂ ስፖርት አታሠራው። መጀመሪያ የልጅቷን ፎቶ፣ ቀጥሎ ሰርጉን፣ ከዚያ የቀረውን። ኤክስተርናሉን ሰማያዊዋ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰካው። በሴኮንድ 100 ሜጋ ከሄደልህ 600 ጊጋ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፣ ጥቁሯ ላይ ከሰካኸው ወደ 5 ሰዓት ይሄዳል፣ በ5 ሰዓት ውስጥ ደግሞ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ታውቃለህ። ዩፒኤስ ካለህ ዛሬ ነው ጊዜው።

እንደተለመደው ጎትቶ ኮፒ ማድረግ አንዱ የተበላሸ ፋይል ላይ ሲደርስ ይቆምና ምን ላድርግ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅህ ያድራል። ሮቦኮፒ የሚባለው ኮፒ ማድረጊያ ይሻላል፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ነው። ግን ስንት ጊዜ ይሞክር የሚለውን አንድ በለው፣ ሳትነግረው ከተውከው አንዷን የተበላሸች ፋይል በየ30 ሴኮንዱ ሚሊዮን ጊዜ ነው የሚሞክራት። አልቀለድኩም፣ ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያ ነው የተቀመጠው።

ሁሉም ወጥቶ፣ ከኤክስተርናሉ ላይ የተወሰነ ከፍተህ ካየህ በኋላ ብቻ፣ ያ ሰንጠረዥ ሲመጣ ኮንትሮልና የእንግሊዝኛውን አይ (I) ፊደል አንድ ላይ ተጫን። እዚያ ውስጥ ዲስኮቹን ከሬይድ የሚያወጣ ምርጫ አለ። እሱን ስትል ሁለቱም ላይ ያለው ይጠፋል፣ ቀልድ የለውም። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ባለ 1 ቴራ ዲስኮች ይሆናሉ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ ሬይድ የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ (ዲስኮችን ያለ ሬይድ ወደሚያሠራው ምርጫ) እንዳትቀይረው። ሰው ሁሉ ሬይድ ካጠፋሁ አይቀር ብሎ እሱንም ይቀይረዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የተጫነው በሬይዱ ድራይቨር ስለሆነ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። እዚያው ሬይድ ላይ ተወው፣ ነጠላ ዲስኮችም በእሱ ይሠራሉ። ቀይረኸው ከሆነም መልሰው፣ ይነሳል።

ሰሌዳ_ከዲሲ፦

በዚሁ እግረ መንገዴን፣ እኔ አዲስ ማሽን እየገጠምኩ ነው፣ ሁለት ኤንቪኤምኢ (በጣም ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ገዝቼ ሬይድ 0 ላደርጋቸው ነበር፣ ለጌም። አንዱ 3500 ሜጋ ነው የሚያነበው፣ ሁለቱ 7000 ይሆኑልኛል አይደል?

ቡሎን_ፈቺ፦

ቴስት ላይ ይሆን ይሆናል፣ ጌም ላይ አይሰማህም። ጌሙ የሚዘገየው ዲስኩ አንሶት ሳይሆን ያነበበውን ፕሮሰሰሩ እስኪፈታው ነው። ደግሞ ማዘርቦርድህን ተመልከት፣ ኢንቴል እስከ 10ኛ ትውልድ ድረስ ከሆነ ሁለቱም ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በቺፕሴቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ዕቃዎቹን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው ቺፕ) በኩል ነው የሚያልፉት፣ ከቺፕሴቱ ወደ ፕሮሰሰሩ ያለው መንገድ ደግሞ በሴኮንድ 3.9 ጊጋ ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሁለት ቧንቧ አንድ ቧንቧ ውስጥ መክተት ነው። በዚያ ብር አንድ ትልቅ ግዛ።

ያገለገለ_ገዢ፦

ሰላም፣ ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ውጤቱን ሳልነግራችሁ መጥፋት ነውር ስለሆነብኝ ተመለስኩ።

ከጎረቤት ዩፒኤስ ተዋስኩ፣ ኤክስተርናል ገዛሁ (ለእህቴ በዚሁ ብር ሁለት ዲስክ እገዛላት ነበር)፣ የልጅቷን ፎቶ መጀመሪያ አወጣሁ። ሁሉም ወጣ። ሰርጉ ላይ ሲደርስ ያ ቀጭ ቀጭ ጀመረ፣ ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋ ወረደ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲያ ከቆየ በኋላ ለቀቀው። ከ600 ጊጋው ሁለት ፋይል ብቻ አልወጣም፣ አንዱ ኬክ ሲቆረስ ያለው ቪዲዮ ነው። ወንድሜ ስነግረው ከማዘን ይልቅ ሳቀ፣ ኬኩም ጥሩ አልነበረም አለ።

ሲ5 ዛሬ ጠዋት 2ኤፍ ይላል። አሰላሁት፣ 47 ነው። በስድስት ቀን።

ሬይዱን አፈረስኩት፣ ባዮሱን አልነካሁም። ጤነኛው ዲስክ እህቴ ጋ ሄዷል፣ ግን ባዶ መሆኑን፣ ስንት ሰዓት እንደሠራና ብቸኛ ቅጂዋን እንዳታስቀምጥበት በወረቀት ጽፌ ለጥፌበታለሁ። እንደማታነበው አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ዲ የለኝም፣ ሁሉም ነገር ኤክስተርናሉ ላይ ነው፣ ሁለተኛ ኤክስተርናል ደመወዝ ሲገባ እገዛለሁ።

የቡና_ሰዓት፦

እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ። ግን ደመወዝ እስኪገባ አትጠብቅ፣ የልጅቷን ፎቶ ብቻ ፍላሽ ላይም ቢሆን አድርገውና እናትህ ቤት አስቀምጠው።

ሰርገኛ_ካሜራ፦

የታመመውን ምን አደረግከው? እኔ ሁሌ እፈታዋለሁ፣ ውስጡ ያለው ማግኔት ጉደኛ ነው።

ያገለገለ_ገዢ፦

ፈታሁት። ኮከብ አፍ ያለው መፍቻ ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ውስጡ መስታወት ነው የሚመስለው፣ ልጄ ፊቷን አይታበት መልሳ አልሰጥም ብላለች። ማግኔቱ ፍሪጁ ላይ ነው፣ የሥዕሏን ወረቀት ይዟል፣ ለማላቀቅ ግን ቢላዋ ያስፈልጋል።